ከኦፕራሲዮን በኋላ የውሻን ስፌት ስለ መጠበቅ

ውሻ ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ የቤትና የከብት ዘበኛ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ እንስሳ መሆኑ የታወቀ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደ ተባለው ሁሉ፣ የሚመግበውን ጌታ ግቢ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያድራል፤ ጅቡን ከበግ፣ ቀበሮውን ከዶሮ ያርቃል። ይሁን እንጂ ይህ አገልጋይ በታመመ ወይም በቈሰለ ጊዜ የሚደረግለት እንክብካቤ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ሲመዛዘን ብዙውን ጊዜ እጅግ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በተለይም ውሻው ኦፕራሲዮን ከተደረገ በኋላ ስፌቱን መጠበቅ የሐኪሙ ሥራ ብቻ እየመሰለ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን የእንስሳት ሐኪሙ ሥራ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ የሚወስድ ሲሆን፣ የባለቤቱ ሥራ 14 ቀንና ሌሊት ይፈጃል። ሐኪሙ በጥንቃቄ የሰፋውን ሆድ ውሻው በአንድ ሌሊት በጥርሱና በምላሱ ሊፈታው ይችላል። ሆድ በተፈታ ጊዜም አንጀት ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላልና፣ ትንሽ መስሎ የታየው ቸልተኝነት ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ውሻው ከሐኪም ቤት ከተመለሰበት ሰዓት አንሥቶ ስፌቱ እስከሚወጣበት ቀን ድረስ በቤት ውስጥ መደረግ የሚገባውን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ስለ ቦታው ጠባይ

በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ወረዳ የሚኖር ባለ ውሻ የሚገጥመው ችግር በብዙ የአካባቢያችን ቆላና ወይና ደጋ ከተሞችም የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ለምሳሌ ሊጠቀስ የተገባ ነው። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ፀሐይዋ የበረታ፣ በበጋ አቧራዋ የሚበዛ ከተማ ናት። ውሃ በብዙ ሠፈር በገንዘብ የሚገዛ ውድ ነገር ነው። ነዋሪው በአመዛኙ በግ፣ ፍየልና ግመል በማርባትና በመነገድ የታወቀ ሕዝብ ስለ ሆነ፣ የእንስሳት ሐኪሞቹም ዕውቀትና ጊዜ በይበልጥ ወደ በርበራ ወደብ ወርደው ወደ ዐረብ አገር በሚጫኑት ከብቶች ላይ ያተኰረ ነው። በሼክ ከተማ ያለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተውም በተለይ ይህን የከብት ሀብት ለመርዳት ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመሠረት ዋናው ሐሳብ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ከብት ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። የውሻ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም በቀላሉ አይገኝም፤ ከተገኘም በኋላ ስፌቱ ቢፈታ በእኩለ ሌሊት ተጠርቶ የሚመጣ ሁለተኛ ሐኪም ማግኘት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። ሐኪም በቅርብ በማይገኝበት አገር የባለቤቱ ጥንቃቄ እጥፍ መሆን የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ውሻ ለኦፕራሲዮን የሚቀርብባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ሴቲቱ እንዳትወልድ ማሕፀኗና የእንቁላል ዕጢዎቿ ይወጣሉ፤ ወንዱ ይኰላሻል፤ መኪና የገጨው ወይም ጅብ የነከሰው ቁስሉ ይሰፋል፤ ያረጀች ሴት ውሻ በማሕፀኗ መግል ቋጥሮባት ሕይወቷን ለማትረፍ ሆዷ ይከፈታል። ምክንያቱ ቢለያይም የስፌቱ አጠባበቅ ግን በመሠረቱ አንድ ነው።

ቁስል እንዴት እንደሚጠግግ

ባለቤቱ የጥንቃቄውን ምክንያት እንዲረዳ አስቀድሞ የቁስልን አጠጋገግ ማወቅ ይጠቅመዋል። ቆዳ በተቈረጠ ጊዜ ሰውነት ሥራውን የሚሠራው በደረጃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ቀኖች ደም ይረጋል፤ የቁስሉ ከንፈር ጥቂት ያብጣል፤ ይቀላል፤ ይሞቃል። ይህ ሰውነት ቁስሉን የሚያጠራበት ጊዜ ነውና በልኩ የሆነ እብጠት በሽታ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ አዲስ ሥጋና አዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ከዳርና ከዳር ያለው ቆዳም እየተሳበ ይገናኛል። በመጨረሻም ጠባሳው ቀስ በቀስ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ይህም ብዙ ወራት ይፈልጋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ቁስሉ የገጠመ መስሎ ቢታይም ያገኘው ጥንካሬ ካልተቈረጠ ቆዳ ጥንካሬ ከመቶ እጅ ጥቂቱን ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከመቶ 20 ያህል ሊደርስ ይችላል፤ ከወራት በኋላ እንኳ ከመቶ 80 ገደማ ከመሆን አያልፍም። እንግዲህ በእነዚያ የመጀመሪያ ቀኖች ሆዱን አጋጥሞ የያዘው ሥጋው ሳይሆን ክሩ ነው ማለት ነው። ክሩ ከተበጠሰ የሚይዝ ሌላ ነገር የለም። ውሻው በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ጤነኛ መስሎ ሲዘል የሚታየው ስፌቱ ገና ደካማ በሆነበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ብዙ ስፌት የሚበላሸው ባለቤቱ «አሁንስ ዳነ» ብሎ በተዘናጋበት ሰሞን ነው።

የውሻ ምላስ መድኃኒት ነውን?

በብዙ አገር ሕዝብ ዘንድ የውሻ ምላስ ቁስል ያድናል የሚል እምነት አለ። ይህ አባባል ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በውሻ ምራቅ ውስጥ አንዳንድ ረቂቅ ተሐዋስያንን የሚያዳክም ነገር እንደሚገኝ ተመርምሮ ታውቋል። ነገር ግን በዚያው ምራቅ ውስጥ ቁስል የሚያመረቅዙ ሌሎች ብዙ ተሐዋስያን አብረው ይኖራሉ። ከዚህም በላይ የውሻ ምላስ ሸካራ ነውና ደጋግሞ በላሰው ቁጥር ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሁልጊዜ እርጥብ ያደርገዋል፤ አዲስ የበቀለውን ለስላሳ ሥጋ ይገፈዋል። ከመላስም ወደ መቈርጠም የሚያሸጋግረው ጊዜ አጭር ነው። በአውሮፓ ጆሴፍ ሊስተር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1867 የኦፕራሲዮን ቁስልን ከረቂቅ ተሐዋስያን መጠበቅ የሕሙማንን ሕይወት እንደሚያተርፍ ካስታወቀ ወዲህ፣ ንጹሕና ደረቅ ቁስል ይድናል የሚለው ደንብ ለሰውም ለእንስሳም አንድ ሆኖ ይሠራበታል። ስለዚህ ውሻው ስፌቱን ፈጽሞ እንዳይልስ ማድረግ ይገባል። በግቢው ሌላ ውሻ ቢኖር እርሱም ሊልስለት ስለሚመጣ፣ ሁለቱን ለይቶ ማኖር አስፈላጊ ነው።

የአንገት ጋሻ አሠራር

ውሻ አፉን ወደ ስፌቱ እንዳያደርስ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ ጋዝ ወደ ጠርሙስ በሚቀዳበት እምቡት አምሳል የተሠራ የአንገት ጋሻ ነው። ፈረንጆች ይህን ጋሻ እ.ኤ.አ. ከ1558 እስከ 1603 እንግሊዝን በገዛችው በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም ይጠሩታል፤ ምክንያቱም በዘመኗ መኳንንቱ በአንገታቸው ዙሪያ ያደርጉት የነበረውን ሰፊ የተጨማደደ ክፈፍ ስለሚመስል ነው። ከሐኪም ቤት ከተገኘ የፕላስቲኩን መግዛት ይሻላል። በማይገኝበት ቦታ ግን በቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል።

አንደኛ፤ የውሻው የአንገት ዙሪያ በክር ይለካል። እንደዚሁም ከአንገት ማሰሪያው እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለው ርዝመት ይለካል። የአንገቱ ዙሪያ 36 ሳንቲሜትር፣ እስከ አፍንጫው ያለው ርዝመት 20 ሳንቲሜትር ነው እንበል።

ሁለተኛ፤ በአንገቱ ልክ ላይ ለመላወሻና ለመደራረቢያ 8 ሳንቲሜትር ይጨመርና 44 ይሆናል። ይህ ቍጥር ለ3.14 ሲካፈል 14 ያህል ይወጣል። ይኸውም የውስጠኛው ግማሽ ክበብ ስፋት፣ ማለት ከመካከሉ ነጥብ እስከ ጠርዙ ያለው ልክ ነው።

ሦስተኛ፤ በርዝመቱ ላይም 8 ሳንቲሜትር ይጨመርና 28 ይሆናል። ጋሻው ወደ ጎን እየሰፋ ስለሚሄድ ጥቂቱ በዚያ ይጠፋል፤ የቀረው ከአፍንጫው ጫፍ 4 ሳንቲሜትር ያህል አልፎ ይወጣል። 14 እና 28 ሲደመር 42 ነውና፣ የውጭው ግማሽ ክበብ ከመካከሉ ነጥብ 42 ሳንቲሜትር ይሆናል።

አራተኛ፤ ቢያንስ 84 ሳንቲሜትር በ42 የሆነ ጠንካራ ካርቶን ይፈለጋል። በረዥሙ ጠርዝ መካከል ምስማር ይቸነከርና በክር ላይ እርሳስ ታስሮ አንድ ጊዜ በ14፣ አንድ ጊዜ በ42 ሳንቲሜትር ግማሽ ክበብ ይሣላል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍል በመቀስ ይቈረጣል። እርጥበት እንዳያረግበው ካርቶኑ በሰፊ ፕላስተር ይሸፈናል። ከዚያ ሁለቱ ቀጥተኛ ጫፎች ተደራርበው ይጣበቃሉ።

አምስተኛ፤ አንገቱን የሚነካው ጠርዝ በጥጥና በጨርቅ ይለበዳል። በዚሁ ጠርዝ ዙሪያ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሱና በክር ከአንገት ማሰሪያው ጋር ይታሰራሉ። በጋሻውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከዚያ ቢጠብቅ ያንቀዋል፤ ቢላላ በእግሩ አውልቆ ይጥለዋል።

ጊዜ ለሌለው ሰው የባልዲ ቂጥ ቀዶ፣ ጠርዙን ለብዶ፣ በዚሁ ዐይነት ማሰርም ያገለግላል። ስፌቱ በሆድ ላይ ከሆነ አሮጌ ካናቴራ ይረዳል፤ የውሻው ራስ በአንገቱ በኩል፣ የፊት እግሮቹ በእጅጌዎቹ ገብተው የታችኛው ጫፍ ከጀርባው ላይ ይቋጠራል። ለሽንት ሲወጣ ይፈታል፤ በረጠበ ወይም በቈሸሸ ቍጥርም ይለወጣል። ይሁን እንጂ ካናቴራ የሚያግደው ምላስን እንጂ ጥርስን አይደለም፤ ጨርቁን ቀድዶ ስፌቱን የሚያገኝ ውሻ ብዙ ነውና ማንም ሳያየው ብቻውን በሚያድርበት ሌሊት ጋሻው ሊቀር አይገባም።

ጋሻው በተደረገበት የመጀመሪያ ቀን ውሻው ግራ ይገባዋል፤ ከግድግዳ ይጋጫል፤ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያላዝናል። ባለቤቱም አዝኖ ሊያወልቅለት ይፈልጋል። ይህ ርኅራኄ ግን ውሻውን የሚጎዳ ርኅራኄ ነው። ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለምዱታል። የመብልና የውሃ ዕቃው ከጋሻው አፍ የጠበበ ሆኖ በጡብ ላይ ከፍ ቢደረግለት ሳይወልቅለት መብላትና መጠጣት ይችላል። አልችል ካለ ለመብሉ ጊዜ ብቻ ይወለቅለት፤ ነገር ግን ሰው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀው፤ እንደ ጨረሰም ወዲያው ይመለስለት። ጋሻው በየቀኑ ይጠረግ፤ ከሥሩ ያለው የአንገት ቆዳም እንዳልተላጠ ይመርመር።

ስለ ማረፊያውና ስለ እንቅስቃሴው

ውሻው ከሐኪም ቤት በተመለሰበት ሌሊት የማደንዘዣው ኀይል ጨርሶ አይለቀውም። ስለዚህ ከፍ ባለ ቦታ አይተኛ፤ ልጆች አይክበቡት፤ ብርድ አያግኘው። ሲነቃና ቀጥ ብሎ ሲቆም በመጀመሪያ ጥቂት ውሃ፣ ከዚያ ከወትሮው መብል ሩቡ ወይም ግማሹ ይሰጠዋል። ብዙ ቢሰጠው ያስታውከዋል፤ ማስታወክም የሆድን ስፌት ያስጨንቃል።

ማረፊያው ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ ከአቧራ የራቀ ይሁን። ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ስለ ሆነ፣ ጋሻ ያደረገ ውሻ በፀሐይ ታስሮ ቢውል ለከባድ አደጋ ይጋለጣል። በሐርጌሳ በሞቃቱ ወራት፣ በድሬዳዋም ሆነ በአፋር እንዲሁ፣ ከረፋድ ጀምሮ በቤት ውስጥ ወይም በሰፊ ጥላ ሥር መዋል አለበት፤ ንጹሕ ውሃም ከፊቱ አይታጣ። የሚተኛበት ጨርቅ በየቀኑ ይለወጥ፤ ታጥቦም በፀሐይ ይድረቅ። ባዶ መሬት ላይ ቢተኛ አቧራውና ፍግ ያዘለው ዐፈር ስፌቱ ውስጥ ይገባል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለስፌትም በትክክል ይሠራል። ውሻው ለ14 ቀን አይሩጥ፤ በግንብ አይዝለል፤ ደረጃ አይውጣ፤ ከሌላ ውሻ ጋር አይጫወት። ለሽንትና ለዐይነ ምድር በአጭር ገመድ ተይዞ ይወጣል፤ ወዲያው ይመለሳል። የግቢ ዘበኛ ውሻ በር በተንኳኳ ቍጥር ተፈናጥሮ ስለሚነሣ፣ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከበሩ ርቆ ቢታሰር ወይም ቢዘጋበት ይሻላል። የሁለት ሳምንት ዘበኝነት ቢጐድል ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ስፌቱ ቢፈታ ግን ዘበኛው ለዘወትር ይጐድላል።

ሴት ውሻ ከተመከነች በኋላ ወንዶች ለጥቂት ቀን ሊከተሏት ይችላሉና ከእነርሱ ትለይ። የተኰላሸ ወንድም ለጥቂት ሳምንታት የማስወለድ ኀይል ስለሚቀርለት እርሱም ከሴት ይራቅ።

ስለ ንጽሕና

ደኅና ሆኖ የተሰፋ፣ ደረቅና ንጹሕ ቁስል በየቀኑ መታጠብ አያስፈልገውም። ውሻው ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ ገላው አይታጠብ፤ በኩሬም አይግባ። በስፌቱ ዙሪያ ደም ወይም ቆሻሻ ቢደርቅ ግን ይጠረጋል። ግማሽ ሊትር ውሃ ይፈላና በውስጡ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል፤ ሲበርድ በንጹሕ ጎዝ እየነከሩ ዙሪያውን በቀስታ ማበስና በሌላ ደረቅ ጎዝ ማድረቅ ነው። ስፌቱ አይፈተግ፤ የረጋውም ቅርፊት አይላጥ። ውሃ ውድ በሆነበት ሠፈርም ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ስለ ሆነ ያልፈላ ውሃ መጠቀም ምክንያት የለውም።

በቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ቅቤ፣ ናፍጣ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም የባትሪ አሲድ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አንዳንዱ ተሐዋስያን ያስገባል፤ አንዳንዱ አዲሱን ሥጋ ያቃጥላል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ቁስል የሚያጠሩ ቢመስሉም የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳሉ። የቴትራሳይክሊን እንክብል ሰብሮ ዱቄቱን መነስነስ የተለመደ ቢሆንም ጥቅም የለውም፤ በዘፈቀደ የተወሰደ መድኃኒት ተሐዋስያኑን ያለማምዳቸዋልና። ዚንክ ያለበት የሰው ቅባትም ውሻው ቢልሰው ይመርዘዋል።

ለሕመሙም ቢሆን ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ብቻ ይሰጠው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሰውን ቢያስታግሡም የውሻን ጨጓራ ያቈስላሉ፤ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ፤ መጠኑ ሲያልፍ ጉበትን ያጠፋል። የታዘዘ መድኃኒት ደግሞ ውሻው የዳነ ቢመስልም እስከ መጨረሻው ይሰጠው።

ስለ ዝንብ

በሞቃት አገር የስፌት ትልቁ ጠላት ዝንብ ነው። የእዥና የደም ሽታ የሳበው ዝንብ በቁስሉ ከንፈር ላይ ዕንቍላል ይጥላል፤ ዕንቍላሉም በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል። ትሉ ሥጋውን እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ውሻው ቀን ቀን የዝንብ መከላከያ መረብ ባለው ክፍል ወይም ጨለም ባለ ቤት ይዋል፤ ዐይነ ምድሩ ወዲያው ይጠረግ፤ የተረፈው መብል አይተውለት። በቁስሉ ላይ እንደ ተፈጨ ሩዝ ያለ ነጭ ነገር ቢታይ ዕንቍላል ነውና በጨው ውሃና በጎዝ ይጠረግ፤ ትል ከገባ ግን ሐኪም ያስፈልጋል። የዝንብ መርዝ በስፌት ላይ አይረጭ።

ጧትና ማታ የሚደረግ ምርመራ

ባለቤቱ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጧትና ማታ፣ በጥሩ ብርሃን ስፌቱን ይመልከት። በመጀመሪያው ቀን የስፌቱን ክሮች ቈጥሮ ቢጽፍ ኋላ የጐደለ ቢኖር በቀላሉ ያውቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጥቂት መቅላት፣ ጥቂት እብጠትና ጠብ ጠብ የሚል ቀይ ውሃ አያስፈራም፤ ነገር ግን ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራ፤

1. እብጠቱና መቅላቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ሲሄድ፤
2. ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ ወይም ክፉ ሽታ ሲኖር፤
3. አንድም ክር ቢሆን ሲጐድል ወይም የቁስሉ ከንፈር ሲከፈት፤
4. ደም ሳያቋርጥ ሲንጠባጠብ፤
5. ውሻው ለ24 ሰዓት ያህል ምንም ሳይበላ ሲቀር ወይም ደጋግሞ ሲያስታውክ፤
6. ድዱ ሲነጣ፣ ወይም ሆዱ ሲነፋ፤
7. ትኵሳቱ ከ39.5 ዲግሪ ሲያልፍ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነውና፣ በሰው ልክ ተገምቶ 38.5 እንደ ትኵሳት አይቈጠር።

ሆዱ ተከፍቶ አንጀት ቢወጣ ባለቤቱ አይደንግጥ፤ ወደ ውስጥም አይግፋ። ንጹሕ ጨርቅ በፈላና በበረደ የጨው ውሃ ነክሮ ይሸፍንና በፎጣ ወይም በነጠላ በሆዱ ዙሪያ ያስረው። ውሻው እንዳይልሰው ጋሻው አይወለቅ። ምንም መብልና ውሃ ሳይሰጠው ተሸክሞ ወደ ሐኪም ይወሰድ። በዚህ ጊዜ የደቂቃ መዘግየት ዋጋ አለው።

ስለ አስታማሚው ጤና

የታመመ ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ስፌቱ በሚጠረግበት ጊዜ አንድ ሰው ራሱን ይያዝለት፤ የሚያስቸግር ከሆነ በለስላሳ ፋሻ አፉ ለጥቂት ደቂቃ ይታሰር፤ ሲያለከልክ ወይም ሲያስታውክ ግን ወዲያው ይፈታ። አስታማሚው ከሥራው በፊትና በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

በሐርጌሳ ሕዝቡ የሻፊዒን መዝሀብ ሥርዐት የሚከተል ሲሆን፣ በዚህ ሥርዐት የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱ በዐፈር፣ ይታጠባል። ውሻን ለከብት፣ ለአዝመራ ጥበቃና ለአደን ማኖር ግን የተፈቀደ ነው። ለሥራ ወደዚያ ሄደው በማሕሙድ ሃይቤም ሆነ በሌላው ወረዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን የጎረቤት ሥርዐት ማክበር ይገባቸዋል። የውሻው ዕቃ፣ ፎጣና ጨርቅ ከቤተ ሰቡ ዕቃ የተለየ ይሁን፤ የቈሸሸው ጎዝ በመንገድ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም ይቀበር። ውሻውም ወደ ጎረቤት ደጅ አይለቀቅ። ይህ ሥርዐት ከጤና ጥበቃ ምክር ጋር የሚስማማ ነው።

ከሁሉ በላይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አይዘንጋ። ይህ በሽታ በምራቅ የሚተላለፍ ሲሆን ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኙት ቀይ ቀበሮዎች ብዙዎቹን ፈጅቷል። ውሻው ያልተከተበ እንደ ሆነ ክትባቱን መቼ መስጠት እንደሚሻል ሐኪሙ ይጠየቅ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስፌቱ ስለሚወጣበት ቀን

የቆዳ ስፌት እንደ ቁስሉ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ቀኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በቤት ውስጥ በምላጭ መቍረጥ አደጋ አለው፤ ከሥር ተቀብሮ የሚቀር ክርም መግል ይቋጥራል። በሥጋው ውስጥ የተሰፋው የሚሟሟ ክር ግን በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ አይነካም። ክሩ ከወጣ በኋላ ቦታው ስለሚያሳክከው ጋሻው አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቈይለት። ውሻው ወደ ሥራው የሚመለሰውም በአንድ ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ሳምንት በገመድ እየተመራ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ካርቶን፣ ጥቂት ፕላስተር፣ የፈላ ውሃ፣ ጨው፣ አሮጌ ካናቴራና ጥላ ያለው ማእዘን በማንኛውም ቤት ይገኛሉ። የሚጐድለው ብዙውን ጊዜ ትዕግሥት ብቻ ነው። ሐኪም ርቆ በሚገኝበት አገር የተሰፋን ውሻ የሚያድነው ጧትና ማታ ስፌቱን የሚመለከት ሰው ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ባለ ውሻ ውሻውን ወደ ሐኪም ከመውሰዱ በፊት ጋሻውን ሠርቶ፣ ማረፊያውን አዘጋጅቶ፣ በቤቱ ውስጥ ተጠባባቂውን ሰው መርጦ ቢጠብቅ የተሻለ ነው።